የሩስፖሊን ሶሪት ከባለ ነጭ ጉንጯ ሶሪት ለይቶ የማወቂያ ዝርዝር መመሪያ

በነገሌ ቦረና፣ በዋደራና በአሬሮ ዙሪያ ባሉት ደኖች ሁለት ዓይነት ሶሪቶች ይኖራሉ። አንደኛዋ ከኤርትራ ደጋ ጀምሮ እስከ ደቡብ ድረስ በብዙ ቦታ የምትታየው ባለ ነጭ ጉንጭ ሶሪት ናት። ሁለተኛዋ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኘው የሩስፖሊ ሶሪት ናት። በወፍ መለያ መጻሕፍት ሁለቱም ቱራኮ በሚባለው ቤተሰብ ይመደባሉ። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ሁለቱም ጉትያ አላቸው፤ ሁለቱም ፍሬ ይበላሉ፤ ሁለቱም ሲበሩ ክንፋቸው ደም መስሎ ይቀላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ነገሌ ደርሶ አረንጓዴ አካልና ቀይ ክንፍ ባየ ጊዜ ወዲያውኑ «የሩስፖሊን አየሁ» ብሎ ይመዘግባል። የዚህች ወፍ መኖሪያ ጠባብ በመሆኑ እያንዳንዱ የተሳሳተ መዝገብ የት እንደምትኖርና የትኛው ደን ሊጠበቅላት እንደሚገባ የሚያሳየውን ካርታ ያዛባል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ስሕተቱ በተደጋጋሚ ስለሚፈጸም ነው።

አስቀድመው ይህን ይያዙ፦ መለያው ያለው በራሷ ላይ ነው። ራሷን በደንብ ሳያዩ የወፏን ዓይነት አይወስኑ።

ደረጃ 1፦ ከመጓዝዎ በፊት

1.1 ዓይንዎን በተለመደችው ወፍ ላይ ያሠልጥኑ።

ብርቅዬዋን የሚለያት የተለመደችውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ደቡብ ከመውረድዎ በፊት በእንጦጦ ወይም በመናገሻ ሱባ ደን ባለ ነጭ ጉንጯን ሶሪት ፈልገው ደጋግመው ይመልከቱ። ሲመለከቱ ሁለት ነገሮችን በቅጽበት ማግኘት እስኪችሉ ድረስ ይለማመዱ፦ ከዓይኗ ፊት ያለውን ነጭ ምልክት፣ እንዲሁም ከጆሮዋ አካባቢ ተነሥቶ በአንገቷ ጎን ወደ ታች የሚወርደውን ነጭ መስመር። ጉትያዋ ጥቁር ሰማያዊ ነው። በዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ቀይ ቆዳ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ የምትኖረው የባለ ነጭ ጉንጯ ዝርያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካለችው በአንድ ነገር ትለያለች፤ የጉትያዋ የኋላ ክፍል የደበዘዘ ቀይ ነው። ወደ ነገሌ ሲሄዱ የሚያገኙት ይህችን ዝርያ ስለሆነ እንጦጦ ላይ ያዩትን ጥቁር ሰማያዊ ጉትያ ብቻ በአእምሮዎ ይዘው ከሄዱ የመጀመሪያዋ ቀይ ያለባት ጉትያ ታሳስትዎታለች። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

1.2 ሁለቱን ራሶች በእጅዎ ይሳሉ።

በማስታወሻ ደብተርዎ አንድ ገጽ ላይ ከጎን የሚታዩ ሁለት ራሶችን ይሳሉ። በአንዱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጉትያ፣ ከኋላው የደበዘዘ ቀይ፣ ከዓይን ፊት ነጭ፣ በአንገት ጎን ነጭ መስመር ያድርጉ። በሌላው ላይ ከግንባር ጀምሮ ነጣ ያለ ጉትያ፣ ወደ ማጅራት ቀላ ያለ፣ ጉንጩና የአንገቱ ጎን ግን ምንም ነጭ የሌለበት አረንጓዴ ያድርጉ። ሥዕሉ ማማር የለበትም። ጥቅሙ እጅዎ የሣለውን ዓይንዎ ደን ውስጥ ቶሎ ስለሚፈልግ ነው።

1.3 የሚይዙት ዕቃ።

ባይኖኩላር 8×42 ይበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ያሳያል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የበለጠ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥን ያጎላል፣ የሚታየውንም ስፍራ ያጠባል፤ ሶሪት ደግሞ በቅጠል ውስጥ ያለ ዕረፍት የምትንቀሳቀስ ወፍ ናት። ከዚህ ሌላ ደብተር፣ እርሳስ፣ ካለዎት ካሜራ፣ የደበዘዘ ቀለም ያለው ልብስና ውኃ ይያዙ።

1.4 ወቅትና ሰዓት።

በጉጂና በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ይዘንባል። በእነዚህ ወራት የውስጥ መንገዶች ጭቃ ስለሚሆኑ የጉዞ ዕቅድዎ ውስጥ ትርፍ ቀን ያስገቡ። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ የመንገድ ድካም ሳይለቅዎት ደን አይግቡ። ወፏን ለመመልከት የሚመቹት ሰዓቶች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ወፏ ጥላ ውስጥ ትደበቃለች፤ ብርሃኑም ከላይ እየወረደ ቀለም ያጠፋል።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ዛፉን መምረጥ

2.1 ከፍታውን ይመልከቱ።

የሩስፖሊ ሶሪት በመካከለኛ ከፍታ፣ በአብዛኛው ከ1,200 እስከ 1,900 ሜትር ባለው ስፍራ ትኖራለች። ባለ ነጭ ጉንጯ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ትወጣለች። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ሆነው «የሩስፖሊ ናት» ለማለት ሲያስቡ በጣም ግልጽ የሆነ የራስ ምልክት ወይም ፎቶ ይጠይቁ። ዝቅ ባለው ስፍራም ቢሆን ከፍታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱ ወፎች የሚገናኙባቸው ደኖች አሉ።

2.2 ደኑን ይምረጡ።

የጽድ ደን ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ዘወትር አረንጓዴ ቁጥቋጦ ካለው፣ የደን ዳርቻ ከግራር ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ወይም በወንዝ ዳር ሾላና ዋርካ ካለ ተስፋ ያለው ስፍራ ነው። የገናሌ ወንዝ ሸለቆ፣ በነገሌና በክብረ መንግሥት መካከል ያለው የዋደራ አካባቢ፣ እንዲሁም የአሬሮ ደን ወፏ የምትታወቅባቸው ቦታዎች ናቸው።

2.3 ፍሬ ያለበትን ዛፍ ያግኙ።

ከዚህ ደረጃ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ደኑን ቀኑን ሙሉ ከመዞር ይልቅ አንድ ፍሬው የደረሰ ሾላ ማግኘት ይሻላል። የሾላና የዋርካ ዛፎች ሁሉም በአንድ ወቅት አያፈሩም። አንዱ ሲያፈራ ጎረቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፍሬ በል ወፎች ከዛፍ ዛፍ እየተከተሉ ይኖራሉ፤ የደረሰው ዛፍ ላይም በየቀኑ ይመለሳሉ። የሩስፖሊ ሶሪት ከሾላ ሌላ የጽድና የዝግባ ፍሬም ትበላለች።

ዛፉ እንደደረሰ የሚያሳዩት ምልክቶች መሬት ላይ የወደቀና የተቆረሰ ፍሬ፣ በቅጠል ላይ የሚታይ ትኩስ የወፍ ኩስ፣ እንዲሁም እርግቦችና ሌሎች ፍሬ በሎች የሚያሰሙት ጫጫታ ናቸው።

ከብት የሚጠብቁ የአካባቢው ሰዎች የትኛው ዛፍ እንዳፈራ ከማንም በተሻለ ያውቃሉ። ወደ ደኑ ከመግባትዎ በፊት ቀበሌውን ያሳውቁ፣ ሽማግሌዎችን ሰላም ይበሉ፣ ኦሮምኛ የሚችል አስጎብኚ ይዘው ይሂዱ። ሲጠይቁ «ብርቅዬዋ ወፍ የት አለች?» አይበሉ። እንግዳ እንዳያፍር በማሰብ ያገኙትን ሶሪት ሁሉ ያሳዩዎታል፤ እርስዎም ያንን እንደ ማረጋገጫ ይወስዱታል። «አሁን ፍሬው የደረሰ ሾላ የት አለ?» ብለው ይጠይቁ። የዚህ መልስ ትክክለኛ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ አቀማመጥ

1. ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ። ጠዋት ከዛፉ በስተ ምሥራቅ፣ ማታ በስተ ምዕራብ ይቀመጡ።

2. ከዛፉ ከ25 እስከ 40 ሜትር ይራቁ። ከሥሩ ከቆሙ የሚታይዎት የወፏ ሆድ ብቻ ነው፤ ሆዷ ደግሞ ምንም አይነግርዎትም።

3. መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከዛፉ በላይ ባለው ጎን ይቀመጡ። የወፏ ራስ ከዓይንዎ ጋር ሲስተካከል ሥራው በግማሽ ይቀልላል።

4. ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይነሡ ይቀመጡ። መጀመሪያ ሲደርሱ የበረሩት ወፎች ፍሬው ስለሚጠራቸው ዝምታ ካገኙ ይመለሳሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ ወይም በድምፅ ማጉያ እያሰሙ አይጥሯት። ወፏ ተቀናቃኝ የመጣባት መስሏት መብሏን ወይም ጎጆዋን ትታ ትወጣለች፤ ጎብኚ በሚበዛባቸው ጥቂት ቦታዎች ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ጉዳቱ ይከማቻል። መኖሪያዋ በዚህን ያህል ጠባብ የሆነች ወፍ ላይ ይህን ማድረግ በምንም ምክንያት ተገቢ አይደለም። አንዲት ወፍ ጭራሮ ይዛ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ስትመላለስ ካዩ ጎጆ እየሠራች ስለሆነ ከዚያ ይራቁ።

ደረጃ 4፦ በቅድሚያ ሶሪት መሆኗን ማረጋገጥ

በዚያ አካባቢ አረንጓዴ የሆነ ወይም ጉትያ ያለው ሁሉ ሶሪት አይደለም። ቶሎ ብለው እነዚህን ያስወግዱ።

አረንጓዴ እርግብ ጉትያ የላትም፤ ጅራቷም አጭር ነው። በቀቀኖች ከሶሪት በጣም ያንሳሉ፤ በፍጥነት ክንፋቸውን እያርገበገቡ ቀጥ ብለው ይበራሉ፣ እየበረሩም ይጮኻሉ። በግራር መካከል ጉትያና ረዥም ጅራት ያላት ወፍ ብታዩ ነገር ግን አካሏ ግራጫ ሆዷም ነጭ ከሆነ፣ የሶሪት ዘመድ የሆነችው ሌላ ወፍ ናት፤ ድምፅዋ የፍየል ወይም የበግ ጩኸት ይመስላል፤ ክንፏም ቀይ የለበትም።

ሶሪትን በአኳኋኗ ይለዩአት። በረራዋ ደካማ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ታርገበግብና ክንፏን ዘርግታ ወደ ቀጣዩ ዛፍ ትንሳፈፋለች። ዛፍ ላይ ስታርፍ ግን ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ ጦጣ ትሮጣለች። ይህን የምትችለው አራተኛ ጣቷን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማዞር ስለምትችል ነው። በረራና ሩጫ እንዲህ ተደምረው ካዩ ሶሪት መሆኗን ይያዙ፤ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ግን ገና አልታወቀም።

ደረጃ 5፦ ራሷን በቅደም ተከተል መመርመር

ወፏ ራሷን ከጎን የምታሳይዎት ለጥቂት ሰኮንዶች ሊሆን ስለሚችል ቅደም ተከተሉን በቃልዎ ይያዙት፦ አንገት፣ ዓይን፣ ግንባር፣ ማጅራት።

5.1 አንገት። በመጀመሪያ የአንገቷን ጎን ይመልከቱ። ከጆሮዋ ሥር ወደ ታች የሚወርድ ነጭ መስመር አለ? ካለ ባለ ነጭ ጉንጯ ናት፤ ሌላውን ለማረጋገጫ ብቻ ይዩት። በዚህ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መስመሩ ከሩቅም፣ ብርሃን ሲያንስም ይታያል፤ ጉትያው ግን በብርሃን ብዙ ያታልላል።

5.2 ዓይን። ከዓይኗ ፊት፣ ወደ መንቆሯ በኩል ነጭ ምልክት አለ? በሩስፖሊ ሶሪት ላይ በዚህ ቦታ ተነጥሎ የሚታይ ነጭ ምልክት አይኖርም። በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቀይ ቆዳ በሁለቱም ላይ ስላለ እሱን አይቁጠሩት።

5.3 ግንባርና የጉትያው አናት። የሩስፖሊ ሶሪት ጉትያ ከግንባሯ ጀምሮ ነጣ ያለ፣ ክሬም የሚመስል ነው። የባለ ነጭ ጉንጯ የፊተኛው ጉትያ ሁልጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ነው። እዚህ ላይ ብርሃን ሊያሳስትዎት ስለሚችል ሁለት ፈተናዎችን ያድርጉ። አንደኛ፣ ራሷን እስክታዞር ይጠብቁ፤ አንጸባርቆ የነጣ ጥቁር ላባ ከሆነ ነጩ ከቦታ ቦታ ይንሸራተታል ወይም ይጠፋል፤ ላባው ራሱ ነጭ ከሆነ ግን ባለበት ይቆያል። ሁለተኛ፣ ወፏ ጥላ ውስጥ እስክትገባ ይጠብቁ፤ እውነተኛው ነጣ ያለ ጉትያ በጥላም ውስጥ ከአካሏ ይልቅ ፈክቶ ይታያል። እነዚህን ሁለት ፈተናዎች ያላለፈ ነጭ ጉትያ ነጭ ተብሎ አይጻፍ።

5.4 ማጅራት። የጉትያውን የኋላ ክፍል በመጨረሻ ይመልከቱ። በሩስፖሊ ሶሪት ማጅራት ላይ ቀላ ያለ ቀለም አለ፤ በዚያው አካባቢ በምትኖረው ባለ ነጭ ጉንጯ ላይም የደበዘዘ ቀይ አለ። ስለዚህ ወፏ ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ ቀይ ማየት ምንም አይለይም። ከኋላ ብቻ ያዩአትን ሶሪት ዓይነቷን አይወስኑ።

ለመለያ የማይሆኑ ነገሮች

ቀይ ክንፍ መለያ አይደለም። ቀዩ ቀለም መዳብ ያለበት ቱራሲን የሚባል ንጥረ ቀለም ሲሆን በሁለቱም ወፎች የክንፍ ላባ ውስጥ ይገኛል፤ ክንፏ ሲታጠፍ ይደበቃል፣ ስትበር ይገለጣል። ብዙ ሰው ከበረራው ውበት የተነሣ ቀዩን ያስታውስና ራሷን ሳያይ ይቀራል። ስትበር ክንፏን ሳይሆን የምታርፍበትን ቅርንጫፍ ይከተሉ።

የአካል መጠንም አይረዳም፤ አንደኛዋ 43፣ ሌላዋ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆኑ በደን ውስጥ ልዩነቱ አይታይም። ቀላ ያለው መንቆር የጋራቸው ነው። ድምፃቸው ሻካራና እርስ በርሱ የሚመሳሰል ስለሆነ ወፏ ያለችበትን አቅጣጫ ለማወቅ ይጠቀሙበት፤ በእሱ ብቻ ግን ዓይነቷን አይፍረዱ። ታዳጊ ወፎች በቀለም ከወላጆቻቸው የደበዘዙ ስለሆኑ ከጎናቸው ያለችውን ትልቋን ወፍ ፈልገው ያነጻጽሩ።

ደረጃ 6፦ ሳይሳካ ሲቀር

*ወፏ ቅጠል ውስጥ ገባች።* ቦታዎን አይቀይሩ። ባይኖኩላሩን አውርደው በዓይንዎ ብቻ የሚነቃነቅ ቅጠል ይፈልጉ፤ ካገኙ በኋላ ባይኖኩላሩን መልሰው ያንሡ። ሶሪት ብዙ ጊዜ ከዛፉ ዳር ሳይሆን ከወፍራሞቹ ቅርንጫፎች በላይ፣ በመካከሉ ትሮጣለች።

*በርራ ሄደች።* አይከተሏት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። በብዛት ጥንድ ሆነው ወይም በትንሽ ቡድን ስለሚንቀሳቀሱ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ቀርታ ሊሆን ይችላል።

*ዝናብ ዘነበ።* የራሰ ጉትያ ራስ ላይ ይለጠፋል፤ ቀለሙም አይታመንም። ወፏ ላባዋን አራግፋ እስክትደርቅ ይታገሡ።

*ሰማዩ ከኋላዋ ነው።* ከብሩህ ሰማይ ፊት አረንጓዴው ጥቁር ይሆናል፣ የላባውም ጫፍ ነጭ መስሎ ይታያል። በዚህ ሁኔታ የተገኘ መልስ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ወይ እርስዎ ይዙሩ፣ ወይ ወፏ እስክትዞር ይጠብቁ። ፎቶ የሚያነሡ ከሆነ ለዚህ ጊዜ የካሜራውን ብርሃን በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ወፏ ፀሐይ ላይ ስትሆን ግን ወደ ቀድሞው ይመልሱት፤ አለዚያ ነጣ ያለው ጉትያ በብርሃን ተውጦ ቅርጹ ይጠፋል።

*ምልክቶቹ ተቀላቀሉ።* ጉትያዋ ነጣ ያለ ሆኖ በአንገቷ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ያለባት ወፍ ብታዩ ዓይንዎን አይጠራጠሩ። ሁለቱ ዓይነቶች በሚገናኙበት ስፍራ የተዳቀሉ ወፎች ታይተዋል። እንዲህ ያለችውን ወፍ ወደ አንዱ ስም ለመጎተት አይሞክሩ፤ ያዩትን እያንዳንዱን ምልክት ይጻፉ፣ ከተቻለ በሁለቱም ጎን ፎቶ ያንሡ። ይህ መዝገብ ንጹሕ ከሆነችው ወፍ መዝገብ ያላነሰ ጥቅም አለው፤ ሁለቱ ዓይነቶች የት የት እንደሚደባለቁ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነውና።

ደረጃ 7፦ መጻፍና መመዝገብ

1. መጽሐፍ ወይም ስልክ ከመክፈትዎ በፊት ያዩትን ይጻፉ። ሥዕል ካዩ በኋላ የሚጻፍ ማስታወሻ ከሥዕሉ ይበደራል።

2. ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የዛፉን ዓይነት፣ የወፎቹን ብዛት፣ ርቀቱንና የብርሃኑን አቅጣጫ ያስገቡ።

3. ለአራቱም የራስ ክፍሎች «አየሁ»፣ «የለም» ወይም «አልታየኝም» ብለው ለየብቻ ይጻፉ። «የለም» ማለት ቦታውን በግልጽ አይቼ ምልክቱን አጣሁት ማለት ነው፤ «አልታየኝም» ማለት ቦታው ተሸፍኖብኝ ነበር ማለት ነው። የሩስፖሊ ሶሪት የምትረጋገጠው ጉትያው ነጣ ያለ መሆኑ በግልጽ ታይቶ፣ በአንገቷና ከዓይኗ ፊት ላይ ደግሞ «የለም» ሲጻፍ ነው። በአንዱ ላይ እንኳ «አልታየኝም» ካለ ዓይነቷ ያልተለየ ሶሪት ብለው ይመዝግቡ። ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ለዚህ የሚሆን ምርጫ አለ፤ ያለ ኀፍረት ይጠቀሙበት።

4. ከወትሮው ቦታ ወይም ከፍታ ውጭ ካገኟት፣ አልያም የተዳቀለች መሆኗን ከጠረጠሩ፣ ማስታወሻውን ከነፎቶው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ያድርሱ። የጎጆ ቦታ ግን በይፋ አይለጥፉ።

5. ፎቶውን በስልክ አሳምረው ከማጋራትዎ በፊት ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ። ብርሃንና ቀለም የሚያደምቁ ማስተካከያዎች ጥቁር ሰማያዊውን ጉትያ ያነጡታል፣ የደበዘዘውንም ቀይ ያጎላሉ፤ መርማሪ የሚጠይቅዎትም የመጀመሪያውን ቅጂ ነው።